የፕላስቲኩ ጊታር ሲያምፅ፦ ከምልክቱ ወደ መነሻው

ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ላለው የእህቴ ልጅ ጊታር ላክሁለት። እውነተኛ ጊታር እንዳይመስላችሁ። አንገቱ ላይ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና ብርቱካናማ ቁልፍ የተደረደረበት፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ከወጣው ጊታር ሂሮ ሦስት ከተባለው ጌም ጋር ይሸጥ የነበረ፣ ዊ ለሚባለው የኒንቴንዶ ጌም ማጫወቻ የተሠራ ፕላስቲክ ጊታር ነው። እዚህ ሜሪላንድ ጎረቤቴ የማይፈልገውን ዕቃ ደጅ አውጥቶ ሲሸጥ በአምስት ዶላር ነው ያነሳሁት። አንገቱ ስለሚነቀል ነቅዬ፣ በሹራብ ጠቅልዬ፣ 23 ኪሎ ሻንጣ ውስጥ ሸጎጥኩት። ልጁ ላፕቶፑ ላይ ክሎን ሂሮን ጭኖ ይጠብቃል። ክሎን ሂሮ በነፃ የሚወርድ፣ አጨዋወቱ ጊታር ሂሮን የሚመስል የኮምፒውተር ጌም ነው፤ ዘፈኑ እየተሰማ ስክሪኑ ላይ ቀለሞች ይወርዳሉ፣ እናንተ የቀለሙን ቁልፍ ይዛችሁ በክር ፋንታ ገላው ላይ ያለውን መምቻ በሰዓቱ ትመታላችሁ።

ዕቃው በደረሰ ማግስት በቴሌግራም መልእክት መጣ። «አጎቴ፣ ሞቷል።»

አልሞተም ነበር። ከዚያ ወዲህ ጓደኞቹም «እስቲ አጎትህን ጠይቅልን» እያሉ ቪዲዮ ይልኩልኛል። ከሚላክልኝ «የሞተ» ጊታር አብዛኛው በሕይወት ያለ ነው። ስለዚህ ምልክቱን ይዘን ወደ መነሻው እንሂድ።

ካቻቪቴ ከማንሳታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጉ። ጌሙን ዝጉና ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን የጌም ኮንትሮለር መፈተሻ ገጽ ክፈቱ። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ተጫኑ፣ መምቻውን ወደ ታችም ወደ ላይም ምቱ። ስክሪኑ ላይ ያሉት ምልክቶች በየተራ ከበሩ ጊታሩ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ያለው ጌሙ ውስጥ፣ ቲቪው ላይ ወይም እጃችሁ ላይ ነው። ካልበሩ ያኔ ጊታሩን እንጠርጥር።

«መምቻው ይሠራል፣ ቀለሞቹ ግን አንዳቸውም አይሠሩም»

የእህቴ ልጅ ችግር ይህ ነበር። አምስት ቁልፍ በአንድ ቀን አይሞትም። አምስቱም አብረው ዝም ካሉ የሚጋሩት መንገድ ተዘግቷል ማለት ነው። መምቻው ያለው ገላው ላይ ነው፤ ቀለሞቹ ደግሞ አንገቱ ላይ። ሁለቱ የሚገናኙት አንገቱ ጫፍና ገላው ጉድጓድ ውስጥ ባሉ ትንንሽ ብረቶች ነው። ሻንጣ ውስጥ እንዲገባልኝ ብዬ የነቀልኩት ቦታ ማለት ነው። ጥፋቱ የእኔው ነው።

መጀመሪያ አንገቱን ነቅላችሁ መልሳችሁ ግፉት። ቀጭ ማለት አለበት። የጀርባው መቆለፊያ በደንብ ካልያዘ አንገቱ በወረቀት ስስነት ይርቃል፤ ግንኙነቱን ለማቋረጥ ያ ይበቃዋል። ቀጭ ብሎም ካልሠራ ብረቶቹን እዩዋቸው። የእህቴ ልጅ በስልኩ መብራት አጉልቶ ሲያሳየኝ ጠቁረዋል፤ አንዱ ላይ ደግሞ ከሹራቤ የተረፈ ቀይ ክር ተጠምጥሟል። ክሩን በወረንጦ አወጣው። ከዚያ የጆሮ መጥረጊያ ጥጥ ፋርማሲ በሚሸጠው አልኮል ነክሮ ጠረጋቸው። አልኮሉ እስኪደርቅ አምስት ደቂቃ ጠበቅን። ስንገጥመው አምስቱም ቀለም በራ።

በአልኮል ያልለቀቀ ጥቁረት ካለ ንጹህ ላጲስ ቀስ አድርጋችሁ አሹበት፤ ብናኙን አራግፉ። በሥራ መሃል የሚጠፋና የሚመለስ ከሆነ ደግሞ አንገቱ ይወዛወዛል ማለት ነው። መጋጠሚያው ላይ ናስትሮ ጠቅልሉበት። አያምርም፣ ግን ይይዛል። ጊታራችሁ አንድ ቦታ የሚቀመጥ ከሆነ ከዚያ በኋላ አንገቱን ባትነቅሉት ይሻላል።

«አንዱ ቀለም ብቻ አይሰማም»

እዚህ መገናኛውን ተዉት፣ ቁልፉን ራሱን ክፈቱ። ከቁልፉ ሥር እንደ ሪሞት ያለ ላስቲክ አለ፤ የላስቲኩ ሆድ ጥቁር ነው፣ ያ ጥቁር ነው ኤሌክትሪኩን የሚያገናኘው። የዓመታት የጣት ወዝና ለስላሳ መጠጥ እዚያ ይጠራቀማል። የአንገቱን ብሎኖች ፍቱና ሁለቱንም ወገን በአልኮል ጥረጉ። ጥቁሩን አትፋቁት፤ ከተፋቀ አይመለስም። ብሎን ስትፈቱ የወጣበትን ቦታ ፎቶ አንሱ፤ ርዝመታቸው ሊለያይ ይችላል፣ ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ከገፋችሁት ፕላስቲኩን ይበሳዋል።

«አንዴ መትቼ ሁለት ይቆጥራል»

መምቻው ስትመቱት ቀጭ ቀጭ ይላል? እንግዲያው ከሥሩ ሁለት ትንንሽ ስዊች አለ፤ አንዱ ለታች፣ አንዱ ለላይ። ሲያረጁ ብረታቸው አንዴ ተነክቶ ይነጥራል፤ ኮምፒውተሩ ሁለት ምት አድርጎ ያነበዋል። ጌሙም ያልተጠየቀ ምት መታችሁ ብሎ የያዛችሁትን ተከታታይ ነጥብ ያቋርጣል። በመፈተሻው ገጽ ላይ መምቻውን በጣም ቀስ ብላችሁ ወደ ታች ስትገፉ ምልክቱ ብልጭ ድርግም ካለ አገኛችሁት።

መድኃኒቱ ስዊቹን መቀየር ነው። መበየድ የማትችሉ ከሆነ አሮጌውን ስዊች ሳታስነቅሉ ጊታሩን ራሱን ወደ ስልክ ጠጋኝ ውሰዱ። ፕላስቲክ ጊታር ሲያይ ይስቃል፣ ይሁን፣ ሥራው ግን የአሥር ደቂቃ ነው። ልኩ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ትንሽ ከፍ ካለ መምቻው ሳይነካ ይጫናል።

ሮክ ባንድ የተባለው ተመሳሳይ ጌም ጊታሮች መምቻ ግን ድምፅ የለውም፣ ለስለስ ይላል። የሱ በሽታ ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው፤ መትታችሁ አይቆጥርም። ከፍታችሁ መገናኛውን አጽዱት።

«በሰዓቱ እየመታሁ ተሳስተሃል ይለኛል»

ሰው ጊታሩን የሚሰብረው እዚህ ጋ ነው። ጊታሩ ደግሞ ከደሙ ንጹህ ነው።

የመጀመሪያው ጊታር ሂሮ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲወጣ አብዛኛው ሰው ቤት ያለው ጀርባው የወጣው የድሮ ቲቪ ነበር። ያ ቲቪ የመጣለትን ምስል ወዲያው ይተፋል። የዛሬው ጠፍጣፋ ቲቪ ግን ምስሉን ተቀብሎ ያሳምራል፣ ያለሰልሳል፣ ከዚያ ነው የሚያሳየው። ለድራማ ምንም አይደለም። ለዚህ ጌም ግን ሞት ነው፤ ጌሙ የሚፈቅድላችሁ መዛነፍ ከሰከንድ አንድ አምስተኛ ያነሰ ነውና። በሰከንድ 60 ጊዜ በሚታደስ ስክሪን አንዷ ምስል ብቻ ወደ 17 ሚሊ ሰከንድ ትወስዳለች። ቲቪው ጥቂት ምስሎችን ይዞ ካስቀረ ጣታችሁ ዘግይቷል ይባላል።

መጀመሪያ ይህን ማሳመር የሚቀንሰውን የቲቪውን ጌም ሞድ አብሩ። ቀጥሎ የብሉቱዝ ማዳመጫውን አውልቁና በገመድ ስሙ። ብሉቱዝ ድምፁን ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሰከንድ ያዘገየዋል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ካሊብሬሽን ማለት ጌሙን ከምስሉና ከድምፁ መዘግየት ጋር ማስማማት ነው። «ካሊብሬሽን አደረግሁ፣ ግን ነገ ደግሞ ይበላሻል» ካሉኝ ሰዎች አብዛኞቹ ብሉቱዝ ተሰክቶባቸው የነበሩ ናቸው።

ከዚህ በኋላ ነው ካሊብሬሽን። ድምፅና ምስል ለየብቻ እንደሚዘገዩ አትርሱ። ድምፁን አጥፍታችሁ በዓይን ብቻ ተጫወቱ። ጥሩ ከመታችሁ ምስሉ ተስተካክሏል፣ የሚያሳስታችሁ ድምፁ ነው። በዓይንም የምትስቱ ከሆነ የምስሉን ቁጥር አስተካክሉ። አምስት አምስት ሚሊ ሰከንድ እየጨመራችሁ ወይም እየቀነሳችሁ፣ በደንብ የምታውቁትን ቀላል ዘፈን እየመታችሁ ሞክሩ። ከባድ ዘፈን ላይ ካሊብሬሽን መፈተሽ ራስን ማታለል ነው።

ላፕቶፕ ላይ ለሚጫወት አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ወደ ቁጠባ ይገባል፣ ምስሉም መንተባተብ ይጀምራል። የእህቴ ልጅ «ማታ ማታ ጣቴ ይፈዛል» ይለኝ ነበር። ማታ ማታ የሚጠፋው መብራቱ ነው። የባትሪውን ቅንብር ከቁጠባ ስናወጣው ጣቱ ዳነ።

«ሲጀምር ልክ ነው፣ እየቆየ ይዛነፋል»

መዘግየቱን በጠባዩ ለዩት። ሁሌም እኩል ከዘገየ ካሊብሬሽን ነው። ያለ ሥርዓት አንዳንዴ ከመጣ ገመድ፣ የባትሪ ድንጋይ ወይም የኮምፒውተሩ አቅም ነው። ከመጀመሪያ ወደ መጨረሻ እያደገ ከሄደ ግን የዘፈኑ ካርታ፣ ማለትም ቀለሞቹ መቼ እንደሚወርዱ የተጻፈበት ፋይል ነው፤ ጊታሩን አትንኩት። አንድ ዘፈን ብቻ ከዳር እስከ ዳር እኩል ከዘገየም የዚያን ዘፈን መነሻ አስተካክሉ እንጂ ሌላውን ሁሉ የሚያበላሽ ካሊብሬሽን አትለውጡ።

ይህ ችግር የእኛን ዘፈን በሙንስክሬፐር ለመሥራት ለሚሞክር ሁሉ ይመጣል። ሙንስክሬፐር ቀለሞቹ የት እንደሚወርዱ የምትጽፉበት ፕሮግራም ነው። ስትከፍቱት ፍጥነቱ በደቂቃ 120 ምት፣ አቆጣጠሩም በአራት ነው። የድሮ የባንድ ቀረጻ ግን ተጫዋቾቹ አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው፣ ያለ ሰዓት ቆጣሪ፣ እየተያዩ የተጫወቱት ነው። አዝማቹ ላይ ይሞቃሉ፣ ይፈጥናሉ። ዘፈኑን በአንድ ፍጥነት ከለካችሁት ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ቀለሙ ወደ ግራ፣ ከበሮው ወደ ቀኝ ይሄዳል። መፍትሄው አድካሚ ነው፤ በየጥቂት ምቱ የፍጥነት ምልክት እየተከላችሁ ከከበሮው ጋር ማስማማት። አንድ ዘፈን አንድ ሙሉ ቅዳሜ በልቶብኛል።

ችክችካ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ስድስት ስምንተኛ ነው። ሁለት ትልልቅ ምት አድርጋችሁ ከቆጠራችሁት እያንዳንዱ ምት በሦስት ይከፈላል። ፕሮግራሙ ላይ ቀለሞቹ የሚያርፉባቸውን መስመሮች፣ ማለትም መረቡን፣ አንድ አሥራ ስድስተኛ አድርጋችሁ ቀለም ካስቀመጣችሁ መረቡ ምቱን በአራት ስለሚከፍል ቀለሞቹን ከቦታቸው ይጎትታቸዋል። ሲጫወቱት እንደሚያነክስ ሰው ይሆናል። መረቡን ወደ አንድ አሥራ ሁለተኛ ቀይሩት። ወዲያው ትከሻችሁ ይነግራችኋል።

«ኮምፒውተሩ ጊታሩን አያውቀውም»

እንደ ዓይነቱ ነው። የኤክስቦክስ 360 ባለገመዱ ከሁሉም ይቀላል፣ ሰክቶ መጫወት ነው። ገመድ አልባው ግን የማይክሮሶፍትን የገመድ አልባ መቀበያ ይፈልጋል። አስመስለው የተሠሩትን መቀበያዎች ዊንዶውስ በራሱ አያውቃቸውም፤ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ገብታችሁ ድራይቨሩን በእጃችሁ ምረጡለት። የፕሌይስቴሽን 3 ጊታር ከራሱ ዶንግል፣ ማለትም ከትንሽ የዩኤስቢ መቀበያው ጋር ነው የሚኖረው። ዶንግሉ የጠፋበትን በርካሽ አግኝታችሁ ደስ እንዳይላችሁ፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጌጥ ነው የገዛችሁት። የዊው ሆዱ ውስጥ የዊ ሪሞት ይፈልጋል፤ ለኮምፒውተር ግን በሪሞቱ ፋንታ ትንሽ የዩኤስቢ አዳፕተር ይበቃዋል፣ የባትሪ ድንጋይም አያስፈልገው። ስድስት ቁልፍ በሁለት ረድፍ ካያችሁ ደግሞ እ.ኤ.አ. የ2015ቱ ጊታር ሂሮ ላይቭ ነው። ክሎን ሂሮ ይቀበለዋል፤ ዘፈኑ ግን ለስድስት ቁልፍ የተሠራ መሆን አለበት።

ሳትፈልጉ ስታር ፓወር (አንገቱን ወደ ላይ ስታነሱ ነጥባችሁን የሚያበዛው ጉልበት) እየተነሳ የሚያስቸግራችሁም አላችሁ። ሶፋ ላይ ተጋድማችሁ ስትጫወቱ አንገቱ ወደ ሰማይ ያያል፤ ውስጡ ያለው የዝንባሌ ጠቋሚም አነሳችሁት ይላል። ቅንብሩ ውስጥ ዝንባሌውን አጥፉና ለስታር ፓወር አንድ ቁልፍ ስጡት።

«ብርቱካናማው ሞቷል»

ይህም ከእህቴ ልጅ የመጣ ነው፣ ከወር በኋላ። መፈተሻው ላይ ብርቱካናማው ቦግ ብሎ ይበራል። ጌሙ ውስጥ ግን ሰማያዊና ብርቱካናማ አብረው ሲመጡ አይቆጠርለትም። አንድ ነገር ጠየቅሁት። «ስንተኛው ደረጃ ላይ ነህ?» ከመካከለኛው ወደ ከባዱ መውጣቱ ነበር። ቀላሉ በሦስት፣ መካከለኛው በአራት ቀለም ነው የሚጫወቱት፤ ብርቱካናማው የሚመጣው ከባዱ ላይ ነው።

እጁን ብቻ ቀርጾ እንዲልክልኝ አደረግሁ። ትንሿ ጣት ብርቱካናማው ላይ፣ የቀለበት ጣት ሰማያዊው ላይ በሰላም ተቀምጠዋል። ሌባ ጣቱ ግን አረንጓዴውን እንደያዘ ቀርቷል። ነጠላ ቀለም ሲመጣ ከሱ በፊት ያሉትን ይዞ መቆየት ይፈቀዳል፤ ስለዚህ እስከዛሬ አላስቸገረውም። ሁለት ቀለም አብረው ሲመጡ ግን የታዘዙት ሁለቱ ብቻ መያዝ አለባቸው።

«ሌባ ጣትህን አንሳ» ብዬ ጻፍኩለት።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ሌላ ቪዲዮ መጣ። ጣቱ ተነስቷል፣ ሁለቱም ቀለም ይነዳል። ከሥሩ የተጻፈው ግን ስለ ጊታሩ አልነበረም። «አጎቴ፣ ከበሮውስ መቼ ነው የምትልከው?»

ከበሮው የሚነቀል አንገት የለውም። 23 ኪሎ ሻንጣ ውስጥ እንዴት እንደምሸጉጠው እያሰብኩ ነው።