የአዲስ ሞተር ሳይክል አሞርዛተር ቶሎ ሲበላሽ ምን ይደረጋል?

አዲስ የገዙት ሞተር ሳይክል ገና ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ከፊት ዘይት ማንጠባጠብ ወይም ከኋላ መንቋቋት ከጀመረ፣ ከአካባቢዎ የሚያገኙት ምክር ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ሰፈር ያለው መካኒክ ጋ ውሰደው፣ በአንድ ሰዓት ፈትቶ ይገጥመዋል።» ቢያንስ ዛሬ አይውሰዱት። ፎርኩ (የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ የያዙት፣ ውስጣቸው ሞላና ዘይት ያለባቸው ሁለቱ እግሮች) አንዴ ከተፈታ ሻጩ «ሌላ እጅ ነክቶታል» ብሎ ዋስትናውን ሊከለክልዎት ይችላል። በዚያ ላይ የብልሽቱ ምክንያት ምን እንደነበር የሚያሳየው ምልክት አብሮ ተጠርጎ ይሄዳል።

ሌላም ነገር አለ። በአዲስ ሞተር ላይ «አሞርዛተሩ ሞተ» ከሚባለው ውስጥ ቀላል የማይባለው ክፍል ብልሽት አይደለም። የጎማ ነፋስ መብዛት፣ የሞላው ማስተካከያ ከጭነቱ ጋር አለመጣጣም ወይም ሲገጣጠም በትክክል ያልጠበቀ ቡሎን ይሆናል። እነዚህን በራስዎ እጅ፣ ምንም ሳይፈቱ መለየት ይቻላል።

መጀመሪያ፦ ሊነዳ ይችላል?

የፊት ፎርክ ዘይት ሲያፈስ ዘይቱ በእግሩ ላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ታች ደግሞ ፍሬኑ አለ። የፊት ፍሬንዎ ባለ ዲስክ ከሆነና ዘይቱ ዲስኩን ወይም የፍሬን ሸራውን ከነካ ሞተሩን አይንዱት፤ በፒክአፕ ያስጭኑት። ዘይት የጠጣ ሸራ ቢታጠብም አይታመንም፣ መቀየር አለበት። መሪው ወደ አንድ ጎን የሚጎትት ከሆነ፣ ወይም የኋላው አሞርዛተር ከሻንሲው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ስንጥቅ ከታየም እንዲሁ ያቁሙት። ከዚህ ውጭ ከሆነ ብቻዎን፣ ቀስ ብለው፣ ሰው ሳይጭኑ መንዳት ይችላሉ።

ሳይታጠብ ፎቶ ይነሳ

ዘይቱ የታየበትን ቦታ፣ የኪሎ ሜትር መቁጠሪያውን፣ የሻንሲ ቁጥሩን፣ የግዢ ደረሰኙንና የሰርቪስ ደብተሩን ፎቶ ያንሱ። የፊቱን ሲጫኑት የሚያሳየውን እንቅስቃሴ ደግሞ በቪዲዮ ይቅረጹ፤ ድምፅ ካለ ይሰማ። ከዚያ በኋላ መታጠብ ይቻላል፤ ከዚያ በፊት ግን አይቻልም።

ነፋሱን ይለኩ

ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ። ትክክለኛው መጠን አብዛኛውን ጊዜ በካቴናው መሸፈኛ ወይም የኋላ ጎማውን በሚይዘው ክንድ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ተጽፏል። ከ100 እስከ 150 ሲሲ በሆኑ ሞተሮች ላይ ከፊት 25 ፒ.ኤስ.አይ፣ ከኋላ ለብቻ 28 አካባቢ፣ ሁለት ሰው ሲሆን ከ32 በላይ የተለመደ ነው። ጎሚስታው ግን «ይበቃዋል» እስኪል መሙላት ይወዳል። 40 የተሞላ ጎማ በኮብልስቶን ላይ ሲሄድ እያንዳንዱን ድንጋይ ወደ ክንድዎ ያደርሰዋል፤ ጥፋተኛ የሚባለው ግን አሞርዛተሩ ነው። ነፋሱን አስተካክለው አንድ ቀን ይንዱት። ችግሩ እዚህ ላይ ካለቀ የቀረውን ማንበብ አያስፈልግዎትም።

የፊቱን ይፈትሹ

ፎርኩ እንደ አኮርዲዮን የተሸበሸበ የጎማ ልባስ ካለው ወደ ላይ ይሰብስቡት፤ ልባሱ ከአቧራ ይከላከላል፣ የሚፈሰውን ዘይትም ይደብቃል። ከዚያ በነጭ ሶፍት የሚያብረቀርቀውን ቱቦ ዙሪያውን ይጥረጉ። ስስ ወዝ ብቻ ከያዘ ጤነኛ ነው፤ ቱቦው በዘይት እየራሰ ነውና የሚንሸራተተው። ሶፍቱ ከራሰ ወይም ቱቦው ላይ ወፍራም የዘይት ቀለበት ከተሠራ ኦይል ሲሉ፣ ማለትም ዘይቱ እንዳይወጣ ቱቦውን ዙሪያውን የሚይዘው የጎማ ቀለበት፣ እያሳለፈ ነው።

አሁን የፊት ፍሬኑን ይዘው መሪውን በክብደትዎ ደጋግመው ወደ ታች ይጫኑት። ጤነኛ ፎርክ ለስለስ ብሎ ይወርዳል፣ ከወረደበት ዘግየት ብሎ ይመለሳል፣ እዚያው ይቆማል። ከተመለሰ በኋላም ወደ ላይና ወደ ታች መወዛወዙን ከቀጠለ የሚያረጋጋው ዘይት ጎድሏል ወይም አልቋል። ሲወርድ እየያዘ ከዚያ በድንገት የሚለቅ ከሆነ ግን ዘይቱን አይጠርጥሩ፤ ሁለቱ የፎርኩ እግሮች ትይዩ ሆነው አልተገጠሙም።

ይህ የመጨረሻው ከሚታሰበው በላይ ይከሰታል። ብዙ ሞተሮች የሚመጡት በሳጥን ታሽገው፣ የፊት ጎማቸው ተነቅሎ ነው፤ ጎማውን የሚገጥመው እዚህ ያለው ገጣጣሚ ነው። ጎማው የሚዞርበትን ዘንግ በጥድፊያ ካጠበቀው እግሮቹ እንደተጨናነቁ ይቀራሉ፤ ቱቦው ኦይል ሲሉን በአንድ ጎን እየጫነው ቶሎ ይበላዋል። መፍትሔው ርካሽ ነው። የዘንጉ ዳዶ፣ ዘንጉን የሚያጣብቀው ቡሎንና የጭቃ መከላከያው ቡሎኖች ይላላሉ፤ ሞተሩ መሬት ላይ እንደቆመ መሪው ጥቂት ጊዜ ይጫናል፤ እግሮቹ ቦታቸውን ሲይዙ መጀመሪያ የዘንጉ ዳዶ፣ ከዚያ የቀሩት ይጠብቃሉ። ይህን የሻጩ ጋራዥ እንዲሠራው በስሙ ጠርተው ይጠይቁ፤ «እዩልኝ» ብቻ ካሏቸው አያዩትም።

ሌላው ከፊት የሚሰማው «ቋ» የሚል ድምፅ ነው። ፍሬኑን ይዘው ሞተሩን ወደፊትና ወደኋላ ሲወዘውዙት፣ ሌላኛው እጅዎን መሪው ከሻንሲው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ያሳርፉ። እዚያ ጋ ክፍተት ከተሰማዎት የላላው የመሪው ኩሽኔታ ነው፤ በአዲስ ሞተር ላይ ቦታውን እስኪይዝ ድረስ መላላቱ የተለመደ ነው። በመጀመሪያው ሰርቪስ መጥበቅ የነበረበት ሥራ ስለሆነ በሰርቪስ ደብተሩ ላይ መመዝገቡን ይመልከቱ።

እንደ ደሴ ወይም ደብረ ብርሃን ባሉ ደጋ ከተሞች ለሚኖሩ አንድ ነገር ልጨምር። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፎርኩ ቆላ ላይ ተሞልቶ ከተዘጋ ውስጡ የታፈነው አየር እዚህ ሲደርስ ኦይል ሲሉን ወደ ውጭ ይገፋል። ብቻውን ፎርክ አያፈነዳም፤ ደካማ ኦይል ሲል ላይ ግን ይጨመራል። የሻጩ መካኒክ የፊት ጎማው ከመሬት ተነሥቶ እያለ የፎርኩን የላይኛውን ክዳን ከፍቶ ቢዘጋው አየሩ ይስተካከላል።

አቧራ ከሆነስ?

በፒስታ መንገድ ለሚመላለስ ሰው ዋናው የዘይት መፍሰስ ምክንያት የተቀደደ ኦይል ሲል አይደለም፤ በከንፈሩ ሥር የተወሸቀ አሸዋ ነው። ጭቃ ቱቦው ላይ ይደርቃል፣ ፎርኩ ሲወርድ ደረቁን ጭቃ ይዞት ይገባል። ይህን ሳይፈቱ ማጽዳት ይቻላል። ከአሮጌ የራጅ ፊልም ላይ ጣት የሚያህል ስስ ቁራጭ ይቁረጡ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ መንጠቆ ይተውለት። የላይኛውን የአቧራ መከላከያ ጎማ በጥንቃቄ ወደ ላይ ካነሡ በኋላ ፊልሙን በቱቦውና በኦይል ሲሉ መካከል አስገብተው ዙሪያውን ይዙሩ፤ ጥቁር ቆሻሻ ይዞ ይወጣል። ጠርገው ይድገሙት፣ መሪውን እየተጫኑ። ካቻቢቴ ወይም ሌላ ብረት በፍጹም አይጠቀሙ፤ አንዲት ጭረት ኦይል ሲሉን ጨርሳ ትገድለዋለች። ከዚያ ሁለት ቀን ነድተው በሶፍት ይፈትሹት። ደረቅ ከሆነ ተገላግለዋል። ዋስትና ላይ ላለ ሞተርም ቢሆን ይህ ጉዳት የለውም፤ ፎቶው ብቻ ይቅደም።

የኋላውን ይፈትሹ

ወንበሩን በሁለት እጅ ወደ ታች ተጭነው ይልቀቁት። አንዴ ወጥቶ መረጋጋት አለበት፤ ደጋግሞ ከዘለለ ሞላው ብቻ ነው የሚሠራው፣ አሞርዛተሩ የለም ማለት ነው። በባትሪ ብርሃን በሞላው መሐል ያለውን ዘንግ ይመልከቱ። የብዙዎቹ የኋላ አሞርዛተር የታሸገ ስለሆነ እዚያ የሚንጠባጠብ ዘይት ካለ ጥገና የለውም፤ ይቀየራል።

ድምፅ ብቻ ከሆነ ግን አይቸኩሉ። የታርጋ መያዣ፣ የካቴና መሸፈኛ፣ የመሐል መቆሚያው ሞላ፣ የዕቃ መጫኛው ቡሎን፣ ሁሉም የአሞርዛተር ድምፅ ማስመሰል ይችላሉ። በእጅዎ አንድ በአንድ እየያዙ ያንቀጥቅጧቸው። ሞተሩን በመሐል መቆሚያው አቁመው የኋላ ጎማውን ወደ ግራና ቀኝ ሲጎትቱት ከተንቀሳቀሰ ደግሞ ጉዳዩ የጎማው ኩሽኔታ ወይም ጎማውን የሚይዘው ክንድ የሚዞርበት ቦኮላ ነው።

ቀጥሎ ሜትር ይያዙ። ጎማው ከመሬት ተነሥቶ እያለ ከጎማው ዘንግ እስከ ላይኛው አንድ የተወሰነ ቡሎን ድረስ ይለኩ። ከመቆሚያው አውርደው፣ እርስዎ በልማድዎ ተቀምጠው፣ ሌላ ሰው ያንኑ እንደገና ይለካ። የኋላው እንቅስቃሴ ወደ 100 ሚሊ ሜትር በሆነ ሞተር ላይ ልዩነቱ ከ25 እስከ 35 ቢሆን ደህና ነው። ብቻዎን ተቀምጠው 50 ከሆነ ሞላው ላልቷል ወይም የሰነፈ ነው። 15 እንኳን ካልሞላ ከመጠን በላይ ጠንክሯል፤ የሚያነጥርዎትም ለዚህ ነው።

ማስተካከያው በአሞርዛተሩ ታችኛው ወይም ላይኛው ጫፍ ያለው ባለ ደረጃ ቀለበት ነው፤ በመንጠቆ ቁልፍ ይዞራል፣ ቁልፉም ብዙ ጊዜ ከሞተሩ ጋር ይሰጣል። ግራና ቀኙ እኩል ደረጃ ላይ መሆን አለባቸው። አንዱ ሁለተኛ፣ ሌላው አራተኛ ላይ ሆኖ ከሱቅ የወጣ ሞተር ብርቅ አይደለም።

ቀለበቱን ማጥበቅ ግን የመጫን አቅም አይጨምርም። ከ100 እስከ 150 ሲሲ በሆኑ ሞተሮች ላይ የሚፈቀደው ጭነት፣ ነጂውን ጨምሮ፣ ብዙ ጊዜ ከ130 እስከ 150 ኪሎ ነው። ሁለት ጎልማሳ ብቻውን ይሞላዋል። አንድ ኩንታል እህል ጭኖ የሚነዳ የ70 ኪሎ ሰው 170 አድርሶታል፤ ያ አሞርዛተር በስድስት ወር ቢሞት ፋብሪካውን መክሰስ ይከብዳል። ሻጩም መጀመሪያ የሚያየው ዕቃ መጫኛውን ነው።

ወደ ሻጩ ሲሄዱ

በቃል አይጨርሱ። ሞተሩን ሲያስገቡ ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩንና ችግሩን የሚገልጽ የሥራ ትእዛዝ ወረቀት ይጠይቁ፤ ኮፒውን ይዘው ይውጡ። ችግሩን ሲያስጽፉ «ሾኩ ችግር አለው» አይበሉ፤ «የግራው የፊት ፎርክ ዘይት ያፈሳል፣ ዲስኩን አልነካም፣ ከ1,400 ኪሎ ሜትር ጀምሮ» ይበሉ። የዋስትና ወረቀቱን አስቀድመው ያንብቡ፤ ኦይል ሲልና ቦኮላ «የሚያልቁ ዕቃዎች» ተብለው ከዋስትና ውጭ የሚደረጉበት ጊዜ አለ። በዚያ ጊዜ ክርክርዎ ስለ ኦይል ሲሉ ሳይሆን ስላበላሸው ነገር ይሁን፦ የተጨናነቀ አገጣጠም ወይም የተላጠ ቱቦ የሚያልቅ ዕቃ አይደለም።

ሕጉም ጊዜ አይሰጥም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢ የተረከበውን ዕቃ መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠብቅበታል። ስለዚህ «ምናልባት ይለማመድ ይሆናል» እያሉ ወር ማሳለፍ የሚጠቅመው ሻጩን ነው። ማስታወቂያዎን በጽሑፍ፣ ቢያንስ በስልክ መልእክት ያድርጉት።

ራስዎ ከፍለው የሚያሠሩ ከሆነ

ኦይል ሲል በሁለቱም በኩል ይቀየር፣ ከአቧራ መከላከያው ጋር። ቱቦው ከወጣ በኋላ መስታወት ላይ ተንከባሎ ጠማማነቱ ይታይ። በጥፍርዎ ሲዳስሱት የሚይዝዎት ጭረት ካለ በጣም ደቃቅ በሆነ የብርጭቆ ወረቀት፣ በዘይት እያራሱ፣ ከፍ ያለው ብቻ ይለስልስ። ዝገት የበላው ጉድጓድ ከሆነ ግን ቱቦው ይቀየራል።

ዘይቱ የፎርክ ዘይት ይሁን፣ መጠኑም ከመመሪያው ተወስዶ በመለኪያ ይሞላ። «ትንሽ ጨምሬልሃለሁ፣ ይጠነክርልሃል» የሚል መካኒክ ካለ ያስቁሙት። ከዘይቱ በላይ ያለው የአየር ክፍተት ሲጠብ ፎርኩ በተጫነ ቁጥር ግፊቱ ያይላል፤ አዲሱን ኦይል ሲል የሚያፈነዳው እሱ ነው። ወፍራም የሞተር ዘይትም ለጊዜው ያጠነክረዋል፣ ቀጥሎ ጉብታ ላይ መንጠር ይጀምራል።

የኋላው በጥንድ ይቀየር። የታሸገውን በስቶ ዘይት መሙላት ወይም መበየድ የሚያቀርብልዎትን አይስሙ፤ ውስጡ የታመቀ ጋዝ ሊኖር ይችላል፣ ለሠሪውም አደጋ ነው። የወጡትን አሮጌ ዕቃዎች ተቀብለው ወደ ቤት ይውሰዱ።

መቶ ያህል ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ ቡሎኖቹን እንደገና ያስጠብቁ፣ ሶፍቱንም ይድገሙ። ያው እግር እንደገና ካፈሰሰ ሦስተኛ ኦይል ሲል አይግዙ፤ ቱቦው ጠማማ ነው ወይም ተቦርቡሯል፣ ገንዘብዎን ለቱቦው ያውሉት።