ከአሜሪካ ወደ ጅማ ለምትደውሉ

ዋሽንግተን ያላችሁ የጅማ ልጆች፣ የእኛ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ አይነቃነቅም፤ የሚዘዋወረው የእናንተው ነው። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ልዩነቱ 8 ሰዓት ይሆናል፣ መጋቢት መግቢያ ላይ ወደ 7 ይመለሳል። ከሥራ ገብታችሁ ማታ 2 ሰዓት ላይ ስትደውሉ እዚህ ሌሊት 9 ወይም 10 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ስልክ ሲጮኽ እናት «ምን መርዶ መጣ» ብላ ነው ብድግ የምትለው! ይልቅ በእናንተ ጠዋት 2 ሰዓት ደውሉ፤ ጅማ ላይ ከቀኑ 9 ወይም 10 ሰዓት ነው፣ ቡና የሚፈላበት፣ ጎረቤትም አብሮ ሰላም የሚላችሁ። (ወሬው ስለሚረዝም ካርዱን ሞላ አድርጉ።) ስልካችሁ ላይ ጅማ ከሌለ አዲስ አበባን ጨምሩ፣ ሰዓቱ ያው ነው። በፈረንጅ ስለሚቆጥር ግን ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ 6 ቀንሱ።