ጭራቁን ስንሰርዘው ፊልሙ ማስፈራት ጀመረ

ለክፍል ያቀድነው የ5 ደቂቃ አስፈሪ ፊልም ስክሪፕቱን ያነበበውን ሁሉ አሳቀ። ጭራቁ ገና ከመጀመሪያው ብቅ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ምን ይጠበቃል?

የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪው ቶዶሮቭ ታሪክ ከተረጋጋ ሁኔታ ተነስቶ ይናጋል ይላል። ስለዚህ በተራ ምሽት ጀመርን፦ ኮንዶሚኒየም ውስጥ መብራት ጠፍቶ ሁለት እህትማማቾች ሻማ ይፈልጋሉ። (መብራት መጥፋቱ እዚህ ማንንም ስለማያስደነግጥ ነው የመረጥነው።)

ያዳነን ግን የፈረንሳዊው ሃያሲ ሮላን ባርት የእንቆቅልሽ ኮድ ነው፦ ጥያቄ አንሳ፣ መልሱን አዘግይ። ጭራቁን ሰረዝነው። በምትኩ ከጣሪያው በላይ የቤት ዕቃ ሲጎተት ይሰማል፤ እህትማማቾቹ የሚኖሩት ደግሞ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው። ቶዶሮቭ በመጨረሻ የሚጠብቀውን አዲስ መረጋጋትም ሆን ብለን ነፈግነው፤ መብራቱ ይመጣል፣ ድምፁ ግን አይቆምም።

ለጭምብል የያዝነው ገንዘብ ለማይክሮፎን ኪራይ ዋለ።