ዶሎማይት የምትሄዱ፣ በጠዋት ውጡ

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሰሜን ጣሊያን፣ ዶሎማይት ተራሮች ላይ በእግር ለመጓዝ ያሰባችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በጠዋት ውጡ!

ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ታዩትና ትዘናጋላችሁ። ፀሐይ ዓለቱን ስታሞቀው ግን እርጥብ አየር ሽቅብ ይወጣና ደመና ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ የተለመደ ነው። ስለዚህ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ (በእኛ አቆጣጠር ነው የምላችሁ) ከጫፍ ወርዳችሁ ተገኙ። በተለይ በገደሉ ላይ የብረት ገመድና መሰላል የተዘረጋባቸው መንገዶች አሉ፤ አንዳንዶቹን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች የሠሯቸው ናቸው። መብረቅ ሲመጣ ያን ብረት ይዞ መገኘት ቀልድ አይደለም።

ለጀማሪ እኔ የምመርጠው የትሬ ቺሜን ዙሪያ ነው። 2,320 ሜትር ላይ ካለው የአውሮንዞ ማረፊያ ተነስታችሁ ሦስቱን የዓለት ማማዎች ትዞራላችሁ፤ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስከ ማረፊያው መኪና ይገባል፣ መንገዱ ግን ይከፈልበታል። ቀይና ነጭ ቀለም ከነቁጥሩ ድንጋይ ላይ ተቀብቶ ታያላችሁ፤ እሱን ተከተሉ። ምልክቱ ላይ "ድራይ ጺነን" የሚል ካያችሁም አትደናገጡ፣ የዚያው ቦታ የጀርመንኛ ስም ነው።

ተራራ ላይ ካደራችሁ ስስ የመኝታ ከረጢት ያዙ፤ ብዙዎቹ ማረፊያዎች ያለሱ አያስተኙም። ጥሬ ገንዘብም አይጥፋ። አደጋ ቢያጋጥም የሚደወለው 112 ነው።