የወረርሽኝ ሞዴል ስትሠሩ እነዚህ ስህተቶች እንዳይሸውዷችሁ

መጀመሪያ ነገር፣ ሞዴል (በሽታ እንዴት እንደሚዛመት የሚያሰላ ሒሳብ) ትንቢት አይደለም። «እንዲህ ከሆነ እንዲህ ይከተላል» ነው የሚለው። እ.ኤ.አ. በ2014 ኢቦላ ምዕራብ አፍሪካን ሲያምስ፣ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ተጨማሪ እርምጃ ካልተወሰደ በላይቤሪያና በሴራሊዮን እስከ ጃንዋሪ 2015 ድረስ 1.4 ሚሊዮን ሰው ሊያዝ እንደሚችል አስልቶ ነበር። በመጨረሻ የተመዘገበው በጠቅላላ 28,600 ገደማ ነው። ብዙ ሰው «ሞዴሉ ዋሸ» አለ። አልዋሸም። የሕክምና ማዕከላት ተከፈቱ፣ የቀብር ሥርዓቱ ተለወጠ፣ ሕዝቡ ራሱ ተነሳ፤ «ካልተወሰደ» የተባለው ነገር ተወሰደ። ቁጥሩን ስትናገሩ ይቺን ቃል አትጣሏት።

ብዙዎቻችንን የሚጥለን ግን የመጨረሻዎቹን ቀናት ዳታ ማመን ነው። አንድ ሰው ሰኞ አመመው እንበል። ሐሙስ ይመረመራል፣ ቅዳሜ ውጤቱ ይደርሳል፣ መዝገብ ላይ የሚገባው በሚቀጥለው ሰኞ ነው። ስለዚህ ሕመሙ በጀመረበት ቀን የተሠራ ግራፍ፣ ወረርሽኙ እየጋለበ እንኳ ቢሆን፣ ጫፉ ላይ ቁልቁል ይወርዳል። ሞዴሉም «እየቀነሰ ነው» ይላችኋል። ወይ መዘግየቱን አስሉበት፣ ወይ ያንን ሳምንት ተዉት።

አንድ መስመር ብቻ መሳልም አደገኛ ነው። 100 ሕመምተኞች አሉ። ቁጥሩ በየ3 ቀኑ እጥፍ ከሆነ በ36 ቀን 409,600 ይደርሳል፤ በየ4 ቀኑ ከሆነ 51,200። በአንድ ቀን ልዩነት ስምንት እጥፍ! ከነዝቅተኛውና ከነከፍተኛው አሳዩ።

አንድ ሕመምተኛ በአማካይ ለስንት ሰው ያስተላልፋል የሚለው ቁጥርም ብዙ ይደብቃል። በ2003ቱ ሳርስ (የመተንፈሻ አካል በሽታ) ወረርሽኝ አብዛኛው ሕመምተኛ ለሌላ አላስተላለፈም ማለት ይቻላል፤ ጥቂቶች ግን ለብዙ ሰው አዳረሱ።

ወደ ቫይረሱ ለውጥ ስንመጣ፣ «ሲቆይ ይለዝባል» የሚለውን ሞዴል ውስጥ አታስገቡ። በ1950 አውስትራሊያ ውስጥ ጥንቸሎችን ለመቀነስ የተለቀቀው ማይክሶማ ቫይረስ መጀመሪያ ያገኘውን ሁሉ ይፈጅ ነበር። ኋላ ለዘብ አለ፣ ግን መሃል ላይ ቆመ፤ ቶሎ ከገደለ ሳይተላለፍ ይቀራል፣ በጣም ከለዘበ ደግሞ የጥንቸሉ ሰውነት ቶሎ ያጸዳዋል። ኮቪድ ላይም ዴልታ የተባለው ዝርያ ቀድሞት ከመጣው አልፋ የባሰ ነበር።

ደግሞ አንድ ዝርያ በናሙናችሁ ስለበዛ ብቻ ይበልጥ ይተላለፋል አትበሉ። ናሙናው በአብዛኛው ከአንድ ከተማ፣ ወይም ከአንድ ድግስ ከተነሳ ሰንሰለት የመጣ ሊሆን ይችላል። ያው ዝርያ በተለያየ ቦታ ደጋግሞ ሌሎቹን ሲበልጥ ካያችሁ፣ ያኔ አስገቡት።