አፈር ወይስ መሬት? እንዲህ ለዩት

የአባቴ ማሳ ወሎ፣ ተሁለደሬ ወረዳ ውስጥ፣ ከሐይቅ ከፍ ብሎ ተዳፋት ላይ ነው። ሁለት ጥማድ፣ በግምት ግማሽ ሄክታር። አንድ ክረምት ጎርፍ ቀዩን አፈር ጠርጎ ወሰደው። ድንጋይ ብቻ አፈጠጠ። በይዞታ ደብተሩ ላይ ግን ያው ሁለት ጥማድ ነው። አፈሩ ሄደ፣ መሬቱ ቀረ። አባቴ ዝም ብሎ ቆሞ ሲያየው የሁለቱ ቃላት ልዩነት ገባኝ።

ስትጽፉ ግራ ከገባችሁ እንዲህ ጠይቁ። በእጅ ይዘገናል? በአካፋ ይዛቃል? አፈር በሉት። ድንበር አለው? ይወረሳል? በጥማድ ይለካል? መሬት ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 አይሸጥም አይለወጥም የተባለው መሬት ነው። አፈርማ ለአትክልት በጆንያ ይሸጣል።

አፈርን ለማወቅ መንካት ነው። አንድ ጭብጥ ዝገኑ፣ ውሃ ጠብ አድርጉበት፣ በመዳፋችሁ መሀል እንደ ክር አሹት። ሳይበጠስ ከተጠቀለለ ሸክላማ ነው፣ ውሃ ይይዛል። ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር እንዲህ ነው፤ በበጋ ግን እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ቶሎ ከፈረሰ አሸዋ ይበዛዋል።

መሬትን በዚህ አታውቁትም። ደጋ ነው ቆላ? ሜዳ ነው ተዳፋት? ማን ያርሰዋል?

በፈሊጥ ውስጥ ደግሞ ቃሎቹን አትለዋውጡ። «ቃሉ መሬት ጠብ አይልም» ይባላል። እናቴ ስታጎርሰኝ «አፈር ስሆን፣ ይችን ብቻ» ትላለች። «መሬት ስሆን» ብላ የምትለምን እናት ወሎ ውስጥ አልሰማሁም።