አንድ ሮቦት ለ50 ተማሪ፦ ሮቦትን ለሒሳብና ለሳይንስ ትምህርት የመጠቀም ዘዴ

ለክፍልዎ ሮቦት ከመምረጥዎ በፊት የትኛውን የትምህርት ርዕስ እንደሚያስተምሩበት ይወስኑ። ዘዌ፣ አማካይ፣ የክብ መጠነ ዙሪያ፣ ፍጥነትና የድምፅ ነጸብራቅ ከመማሪያ መጽሐፉ ሳይወጡ በሮቦት ሊሠሩ የሚችሉ ርዕሶች ናቸው። ሰው መስሎ የሚናገረውና እጁን የሚያወዛውዘው ሮቦት ለጎብኚ ማሳያ ይሆን እንደሆነ እንጂ፣ ተማሪው ውስጡን ከፍቶ የማያየውና ትዕዛዙን የማይለውጠው ስለሆነ ለትምህርት የሚሰጠው ጥቅም ጥቂት ነው። ሁለት ጎማ፣ ሁለት ሞተር፣ ድምፅ ልኮ በነጸብራቁ ርቀትን የሚለካ አንድ ሴንሰር፣ እንዲሁም እንደ ማይክሮቢት ወይም አርዱዪኖ ያለ አነስተኛ መቆጣጠሪያ ቦርድ ያለው ተሽከርካሪ ይበቃል። ሲገዙም መለዋወጫው በቀላሉ የሚገኝ፣ ፕሮግራሙም ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ መሆኑን ያረጋግጡ። እ.ኤ.አ. በ1998 ገበያ ላይ የዋለውና ብዙ ትምህርት ቤቶች የለመዱት ሌጎ ማይንድስቶርምስ የተባለው የሮቦት መገጣጠሚያ ምርት በ2022 መጨረሻ መቆሙ፣ በአንድ አምራች ዕቃ ላይ ብቻ መደገፍ ምን እንደሚያስከትል ያሳያል።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያለ ሮቦት ይሁን። እርስዎ ራስዎ ሮቦት ሆነው ከበሩ አጠገብ ይቁሙ፤ ተማሪዎቹም ወደ ጥቁር ሰሌዳው የሚያደርሱዎትን ትዕዛዞች በወረቀት ጽፈው ያንብቡልዎ። (ተማሪ መምህሩን ማዘዝ ያሳፍረዋልና አስቀድመው ይፍቀዱላቸው።) «ወደ ፊት ይሂዱ» ካሉዎት ግድግዳው እስኪያቆምዎ ይሂዱ፤ «ይዙሩ» ካሉዎት ስንት ዲግሪና ወደየት እንደሆነ እስኪነግሩዎት ድረስ ይሽከርከሩ። ክፍሉ መሳቁ አይቀርም፤ ማሽን የተባለውን እንጂ የታሰበውን እንደማይሠራም በዚያው ሳቅ መካከል ይገባቸዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የዘዌ ትምህርት ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ የሒሳብ ሊቁ ሲሞር ፓፐርትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1967 አሜሪካ ውስጥ ሎጎ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ከሠሩ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ብዕር የተገጠመላት «ኤሊ» የተባለች ሮቦት ወለል ላይ በተዘረጋ ወረቀት እየተመላለሰች ልጆች ያዘዟትን ቅርጽ ትሥል ነበር። እርስዎም በሮቦትዎ ላይ ማርከር አስረው፣ ተማሪዎቹ በመጀመሪያ ካሬ፣ ከዚያም ጎኖቹ እኩል የሆኑ ጎነ ሦስት እንዲያሥሉት ያድርጉ። ካሬው አያስቸግራቸውም። በጎነ ሦስቱ ላይ ግን የዚህ ቅርጽ ዘዌ 60 ዲግሪ መሆኑን በቃላቸው ስለሚያውቁ ብዙዎቹ «60 ዲግሪ ዙር» ብለው ይጽፋሉ፤ ሮቦቱም የታዘዘውን ፈጽሞ የባለ ስድስት ጎን ቅርጽ ግማሽ ሥሎ ይቆማል። እዚህ ላይ መልሱን አይንገሯቸው። አንድ ተማሪ በመስመሩ ላይ እንዲራመድ፣ ጥጉ ላይ ሲደርስም ሰውነቱ ስንት ዲግሪ እንደዞረ ጓደኞቹ በፕሮትራክተር እንዲለኩ ያድርጉ፤ ሮቦቱ የሚዞረው ውጫዊውን ዘዌ፣ ማለትም ከ180 ላይ 60 ሲቀነስ የሚገኘውን 120 ዲግሪ መሆኑን ራሳቸው ይደርሱበታል። ከዚያ በኋላ ለአምስት ጎን 72፣ ለስድስት ጎን 60 ማዘዝ እንደሚገባ፣ ቅርጹን ዘግቶ ወደ ተነሣበት አቅጣጫ የተመለሰውም በጠቅላላው 360 ዲግሪ እንደዞረ ለማግኘት ብዙ አይቆዩም። ይህ አንድ ስሕተት ብቻውን ሁለት ክፍለ ጊዜ ቢወስድ ጊዜው ባክኗል ብዬ አላምንም።

ርካሽ ሮቦት ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ፍጥነቱም ይዋዥቃል፤ ይህ ጉድለቱ ለሳይንስ መምህር ሲሳይ ነው። የጎማው ዲያሜትር 6.5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በአንድ ዙር 20.4 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሄድ አለበትና፣ ተማሪዎቹ ጎማውን ነቅለው በጠመኔ ምልክት ካደረጉበት በኋላ ወለሉ ላይ እያንከባለሉ ያረጋግጡ። ቀጥሎ ሮቦቱ በ3 ሰከንድ የሚሄደውን ርቀት ገምተው ይጻፉ፤ አምስት ጊዜ አስኬደውም በሜትር ይለኩና አማካዩን ያውጡ። በሲሚንቶና በምንጣፍ ላይ ውጤቱ ይለያያል፤ ባትሪው ሲደክምም ጉዞው ያጥራል። ለምን እንደሆነ ሲጠይቁ ወደ ሰበቃና ወደ ኤሌክትሪክ ትምህርት ገቡ ማለት ነው። የርቀት ሴንሰሩም እንዲሁ ነው፤ ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ሴንሰሩ የላከው ድምፅ ግድግዳ መትቶ በ0.002 ሰከንድ ከተመለሰ ደርሶ መልሱ 68.6 ሴንቲ ሜትር፣ የግድግዳው ርቀት ደግሞ የዚያ ግማሽ ነው።

50 ተማሪ ያለበትን ክፍል አምስት አምስት አድርገው ይከፋፍሉ። እያንዳንዱ ቡድን ፕሮግራሙንና ግምቱን በወረቀት ጨርሶ ሲያሳይ ብቻ ሮቦቱ ይሰጠው፤ ተራ የሚጠብቁት ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ ያለችውን፣ ያለ ኢንተርኔት በስክሪን ላይ የምትሥለውን ኤሊ በኮምፒውተር ይሞክሩ። ኪቦርድ የሚይዘው፣ የሚለካውና የሚመዘግበው በየክፍለ ጊዜው ይለዋወጡ። ይህንን ካልተቆጣጠሩ ቤቱ ኮምፒውተር ያለው ልጅ ኪቦርዱን ይዞ ይቀራል፣ ሴቶቹም ጸሐፊ ብቻ ይሆናሉ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ባትሪዎቹንና ላፕቶፑን ከዋዜማው ቻርጅ ያድርጉ።

ነጥብ ሲሰጡ የተማሪውን ደብተር ይመልከቱ፤ ግምቱን፣ የተገኘውን ልኬት፣ በሁለቱ መካከል ላለው ልዩነት ያቀረበውንም ምክንያት ይመዝኑ። ሮቦቱ ከገመተው ቦታ ያልደረሰለት፣ ለምን እንዳልደረሰ ግን በልኬት ያስረዳ ተማሪ ከጓደኛው ገልብጦ ካደረሰው የበለጠ ነጥብ ሊያገኝ ይገባል።